በሰባት ስም የተከፈተው ፍሊፐር

እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ድረስ የቤታችንን ፍሊፐር የከፈተው የሰባት ሰዎች ስም ነው ብዬ አምን ነበር። በመሰርሰሪያ ነው ቢሉኝ፣ መሰርሰሪያውን በዓይኔ አይቼው ሳለ እንኳ፣ እስቅባቸው ነበር። አሁን ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። የዚያን ነገር ገመና ከዘመድ ሁሉ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ቢሆንም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ግማሽ ልቤ ዛሬም ከዚያ የስምንት ዓመት ልጅ ጋር ነው።

ፍሊፐር ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ አራት እግር ያለው ረጅም ሣጥን ነው። ላዩ መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ሥር መብራትና ደወል ሞልቷል። የብረት ኳስ ቁልቁል ስትንከባለል በሁለት ትናንሽ መቅዘፊያዎች መልሰህ ታጎናታለህ። አምልጣህ ቀዳዳው ከዋጣት አለቀልህ። የኛው ራስጌው ላይ ስምንት እጅ ያለው የባሕር አውሬ ተሥሎበት ነበር፤ አንድ ዓይኑ ተፍቋል።

ያመጣው አባቴ ነው። የምንኖረው እስራኤል ነው፤ ያቭኔ ከተማ ውስጥ አንድ ኪዮስክ ሲዘጋ ባለቤቱ “ውሰድና ገላግለኝ” አለው፤ አባቴ ደግሞ “ውሰድ” ሲሉት ወገቤን የሚል ሰው አይደለም። ከሚሠራበት ከቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ሦስት ጎረምሶች ይዞ መጣና ቂርያት መላኪ ወዳለው ቤታችን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በደረጃ አወጡት። በየመታጠፊያው ይቀረቀራል።

“ወዳንተ ሳበው!”

“ወዴት ልሳበው? እኔ ራሴ ግድግዳ ሆኛለሁ እኮ!”

ጎረቤቶቻችን ብቅ እያሉ ፒያኖ ነው ወይስ ሬሳ ብለው ጠየቁ። እኔ ከፊት ከፊት እየሮጥኩ በር እከፍታለሁ፤ ማንም ያልዘጋውን በር ሁሉ እየዘጋሁ እንደገና እከፍታለሁ።

ሳሎን ገብቶ ሲቆም እናቴ እልፍነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረችው። “ቁልፉስ?” አለች።

“እዚሁ ነው” አለ አባቴ ኪሱን እየዳበሰ። ከዚያ ሌላኛውን ኪስ ዳበሰ። ከዚያ የጎረምሶቹን ኪስ መዳበስ ጀመረ። መኪናው ውስጥ ተፈለገ፣ ደረጃው ላይ ተፈለገ፣ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ተፈለገ። ከሁላችንም በላይ የፈለገችው አክስቴ ማዕያን ነበረች። ሶፋው ሥር በደረቷ ገብታ አቧራ ለብሳ ስትወጣ አንጀቴን በላችው። “የለም። በቃ፣ ጠፍቷል” አለች።

ማዕያን የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ከሠራዊቱ ወጥታ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። አቧራዋን እያራገፈች “እኔ እንኳ አንድ ሰው አውቃለሁ” አለች። “ያሪቭ ይባላል፤ ከሠራዊት ነው የማውቀው። ገዴራ ነው ቤቱ። ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ እንዲህ ያሉ የጨዋታ ማሽኖች ይጠግናል። ዓርብ ዓርብ ቀትር ላይ ይወጣል፤ ደግሞ ለኛ ቅርብ ነው፤ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።” ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው። ዛሬ ሳስበው፣ ስለ አንድ ቁልፍ ጠጋኝ ብዙ ታውቅ ነበር።

ያሪቭ በብርቱካናማ ስኩተር መጣ። ቀጭን ነው፤ ጆሮዎቹ ከራስ ቁሩ ሲወጡ ቀይ ይሆናሉ። ከፍሊፐሩ ፊት ተንበረከከና እንደ ትልቅ ሰው አስረዳኝ።

“ቀላል ነው፣ ኦሪኤል። ይህችን ትንሽ በር እንከፍታለን። ከውስጥ አንድ እጀታ አለ፤ እሱን ስትስበው ይህ የብረት ዘንግ ይለቃል። ዘንጉ ሲለቅ መስታወቱ እንደ መሳቢያ ይንሸራተታል። ከዚያ ሆድ ዕቃው በሙሉ ያንተ ነው። አሥር ደቂቃ።”

በዚህ ጊዜ ማዕያን ጭማቂ በብርጭቆ ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። ያሪቭ አያት። መቆለፊያውን አየ። እንደገና አያት።

“ወይም…” አለ፣ “ትንሽ ሊቆይ ይችላል።”

ቆየ። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በካቻቢቴና በሞረድ ሲታገል፣ ላቡን ሲጠርግ፣ ጭማቂ ሲጠጣ ቆየ። በመጨረሻ እናቴ ነጭ ጨርቅ ይዛ መጣች። ፍሊፐሩ ከምግብ ጠረጴዛችን ይሰፋ ስለነበር ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ወርሳዋለች። “በሉ ልቀቁልኝ፤ ሰንበት ሊገባ ነው” አለች። ጨርቁ ተነጠፈ፣ የሰንበት ዳቦው መሐል ተቀመጠ፤ የባሕር አውሬው በቀረው አንድ ዓይኑ ከላይ ያየን ጀመር።

አያቴ አባ ዘሩ ይህን ሁሉ ከጥጉ ወንበራቸው ሆነው ያዳምጡ ነበር። አያቴ የእናቴና የማዕያን አባት ናቸው። ወገራ ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ የመርፌ ዓይን ሳይቀር ሠርተዋል። እዚህ አገር ማንም ብረት አላስነካቸውም። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሮአቸው ግን በሚቀጥለው ሕንፃ የሚወድቅ ምስማር ይሰማል።

“ሞረድ ብረት ሲበላ አንድ ድምፅ አለው” አሉ ያሪቭ ከወጣ በኋላ። “ሲልስ ደግሞ ሌላ። ይህ ልጅ ብረቱን እየላሰው ነው።”

ሁሉም ዞር ሲሉ እኔም ቀረብ ብዬ መቆለፊያውን ላስኩት። ዘይትና ሳንቲም ሳንቲም ይላል። አልተከፈተም።

በሁለተኛው ዓርብ አያቴ ያሪቭን ጠሩት።

“ና እስቲ ልጄ። ማን ልበል?”

“ያሪቭ ነኝ፣ አባ ዘሩ።”

“እሱ የመታወቂያህ ነው። የማን ልጅ ነህ?”

“የእንግዳው።”

“እንግዳውስ የማን?”

“የተገኘ።”

“ተገኘስ የማን?”

ያሪቭ ጆሮው ቀላ። “እሱን… አላውቅም።”

“እንግዲያው ጠይቀህ ና” አሉ አያቴ ወደ ወንበራቸው እየተደገፉ። “ሰባት እስኪሞላ ድረስ ሣጥኑ የትም አይሄድም።”

እንግዲህ ፍረዱኝ። የሕንፃችን በር የሚከፈተው በቁጥር ነው። የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር የሚከፈተው በምስጢር ቃል ነው፤ በዕብራይስጡ ሲስማ እንለዋለን። አያቴ የብረት ሰው ናቸው። የጠፋ ቁልፍ አለ፣ የማይከፈት ሣጥን አለ፣ ሰባት ስም ይፈለጋል። የስምንት ዓመት ልጅ ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል? የሒሳብ ደብተሬን የኋላ ገጽ ገልጬ “እንግዳው፣ ተገኘ” ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ አምስት ባዶ መስመር አሰመርኩ።

በሦስተኛው ዓርብ ያሪቭ አጭር መጋዝና “ዋሴ” የሚል ስም ይዞ መጣ። በአራተኛው ረጅም ሽቦና “ባይህ”ን። በአምስተኛው ምን እንደሆነ እስካሁን ያልገባኝ የሐኪም ማዳመጫ የመሰለ ዕቃና “ጓንጉል”ን። መጀመሪያ ስሙን ለአያቴ ያስረክባል፤ አያቴ ስሙን አፋቸው ውስጥ እንደ ከረሜላ ያገላብጡትና “የየት አገሩ?” ይላሉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀጥሎ ያሪቭ ይንበረከካል፤ መቆለፊያውን እስከ ሰንበት መግቢያ ይቧጭራል።

አባቴ ትዕግሥቱ አለቀ። “ይህ ልጅ እንኳን ፍሊፐር የሰርዲን ቆርቆሮ አይከፍትም” አለ።

“ዳይ! በቃ! ጊዜ ስጡት እንጂ!” ብላ ማዕያን ዘለለች። “ጥንቃቄ ነው። ዕቃው እንዳይጎዳ ነው።” ተናዳ ስትወጣ አያቴ ጆሮአቸውን ቀጥ አደረጉ።

“ይህችም ልጅ ስትራመድ ብረት ያወራል” አሉ። አምባሯን መሰለኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ እናቴና ማዕያን ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

“ስንት ደረሰ?”

“አምስት።”

“ሳይነካካ?”

“እስካሁን ምንም አልነካካም።”

በልቤ “እውነት ነው” አልኩ። መቆለፊያውን ከነካካው ሰንብቷል፤ ዓይኑ ሁሌ ወጥ ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ አንድ አያት ካገናኛቸው ዘራቸው ተነካካ ይባላል፤ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጋብቻው ቀረ። ይህን ከቤቱ ሰው ሁሉ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴስ? ያውቃል፤ ግን በሳሎኑ ማለፍ ስላቃተው እሱም የእውነት ተናዶ ነበር።

ያሪቭ ለምን በየሳምንቱ አንዲት ስም ብቻ ይዞ እንደሚመጣ የገባኝም በኋላ ነው። ስሞቹን የሚያውቁት ያቭኔ ብቻቸውን የሚኖሩት የአያቱ እህት፣ አክስት ውብዳር ናቸው። እስከ ሰባት ቀርቶ እስከ አሥራ ሁለት እንደ ውኃ ያወርዱታል። ግን “ሁሉንም ዛሬ ከነገርኩህ መቼ ልትመጣ ነው?” ይሉታል። አንድ ጉብኝት፣ አንድ ስም። ገና የሚያስጠግኑት አምፑልም ነበራቸው።

ስድስተኛው “ፈንታ” ሆነ። እኔ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ፣ ቤት ሰው ከሌለ፣ ፍሊፐሩ ፊት ቆሜ ስድስቱን ስም በሙሉ ድምፅ እጠራለሁ፤ ከዚያ ትንሿን በር በእግሬ እመታለሁ። አንዴ ከውስጥ ኳሷ “ግርርርር” ብላ ተንከባለለች። መለሰችልኝ! አልጋዬ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። አንድ ስም ብቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ሐሙስ ማታ ግን አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠና “እሑድ የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው መኪና ሲያልፍ አወርደዋለሁ” አለ። “ነገ ተከፈተ፣ ተከፈተ። ካልሆነ ብረቱን ለብረት ሰብሳቢ።” ማዕያን ከማዕድ ተነሣች። ያ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ የሚዞር መኪና የብዙ ሰው ፍሪጅ ወስዷል፤ አንዱም ሲመለስ አላየሁም።

በሰባተኛው ዓርብ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ያሪቭ እንደ ለቀስተኛ ቀስ ብሎ ወጣ።

“ሰባተኛው ማነው?” አልኩት።

“የለም” አለ አጠገቤ እየተቀመጠ። “አክስት ውብዳር መንጋጋቸውን ተነቅለዋል። አፋቸው ሙሉ ጥጥ ነው። ‘እም፣ እም’ ብቻ ነው የሚሉት።”

“እሑድ እኮ መኪናው ይመጣል!”

“አውቃለሁ። ማዕያን ነግራኛለች። ‘ዛሬ ካልሞላ አባቴ ተስፋ ይቆርጣሉ’ ብላኛለች።”

ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት በራ። አያቴ ሲያጫውቱኝ ከሁሉ የሚያስቀድሙት አንድ ስም ነበር፤ መዶሻው ከተራራ ማዶ የሚሰማ፣ በግራ እጁ የሚቀጠቅጥ። ይህን የመሰለ ስም የማይከፍተው በር የለም።

“ግራኙ ጀምበሬ በለው” አልኩት በሹክሹክታ። “የወገራው። አያቴ በጣም ይወዷቸዋል።”

ያሪቭ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ በራና ራሴን ሳመኝ። ሽማግሌው መልሱን በእኔ በኩል አሾልከው የላኩለት መስሎት እንደነበር ከብዙ ዓመት በኋላ ነግሮኛል።

ገባን። ቤቱ ሁሉ ሳሎን ተሰብስቧል፤ እናቴ ድንች እየላጠች፣ አባቴ ሰዓቱን እያየ፣ ማዕያን የጓዳው በር ላይ ተደግፋ።

“ሰባተኛው?” አሉ አያቴ።

“ጀምበሬ።”

“የየት አገሩ?”

“የወገራው፣ አባ ዘሩ። ግራኙ።”

እኔ ፍሊፐሩን ነው የማየው። ምንም የለም። ዘወር ስል የእናቴ ቢላዋ አየር ላይ ቀርቷል። ማዕያን እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። አያቴ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ደጋግመው አሹት።

“ግራኙ ጀምበሬ የኔ ቅድመ አያት ናቸው” አሉ በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ። “ልጄ፣ ዕቃህን ሰብስብ።”

ያሪቭ ጎንበስ ብሎ ካቻቢቴውን አነሣ፤ ወደቀበት፤ እንደገና አነሣ። እኔ ደግሞ ደሜ ፈላ። ሲስማው ልክ ነው፤ ሣጥኑ ነው ያመፀው፤ ጥፋቱን በሰው ላይ ይለጥፋሉ!

“አባባ!” ብዬ ጮኽኩ። “በትክክል እኮ ነው የጠራው! እኔ ነኝ የነገርኩት! ‘ከሁሉም የሚበረቱት ግራኙ ጀምበሬ ናቸው’ ይሉኝ የለም አንቱ ራስዎ? ታዲያ ለምን አይከፈትም?”

“ማነው የነገረው?”

“እኔ! ሰባት ስም አይደለም ሲስማው?” ደብተሬን አምጥቼ ዘረጋሁ። “እንግዳው፣ ተገኘ፣ ዋሴ፣ ባይህ፣ ጓንጉል፣ ፈንታ! ይኸው! በየቀኑ እጠራለሁ፤ ኳሷ ትመልሳለች፤ በሩ ብቻ እንቢ አለ!” ብዬ ትንሿን በር በርግጫ አልኳት።

ግርርርር፣ አለች ኳሷ።

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው እናቴ ናት፤ ድንቹ ከጭኗ ተንከባለለ። የአያቴ ሳቅ እንደ ወናፍ ነበር፤ መጀመሪያ አየር ብቻ፣ ከዚያ እሳቱ ተያያዘ። “አንተ የሰይጣን ጆሮ!” አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ወደ ያሪቭ ዞሩ። “አንተስ? ልጅ የነገረህን ታመጣልኛለህ?”

“አንቱ የላኩት መስሎኝ…”

“እኔ ፈተና የምሰርቅ አስተማሪ ነኝ? በል ሴትዮዋን ጥራልኝ፤ በዚያ በስልክህ።”

ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ፍሊፐሩ መስታወት ላይ ተቀመጠ። “እምም?” አለ።

“አክስቴ፣ ጥጡን ይትፉት! ሰባተኛው ስም ማነው?”

የሆነ ነገር እንትፍ ተባለ። “ደም ቢፈሰኝ ባንተ ነው” አሉ አክስት ውብዳር። “እና ስሙን ከነገርኩህ በኋላስ? ትመጣለህ?”

“እመጣለሁ።”

“ማል።”

“ኦሪት ምስክሬ! በየሳምንቱ!”

የጓዳው በር ገርበብ አለ። “እኔም አብሬው እመጣለሁ” አለች ማዕያን፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ለስልኩ።

“እንዲያ ነው ነገሩ?” አሉ አክስት ውብዳር። “ይህን በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ኖሮ አምፑሉን ብቻ አስጠግኜ ሰባቱንም በሰጠሁህ። ደርሶ ነው። የጃናሞራው ደርሶ። ሸማኔ ነበር።”

አያቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ የያሪቭን ወጡ፤ በሌላው እጅ የእኛን ወጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እናቴ ድንቹን ከመሬት አላነሣችም። እኔ ዓይኔን ከትንሿ በር አልነቀልኩም።

“አይነካካም” አሉ።

ከዚያ በሕይወታቸው ሲሉት ሰምቼ የማላውቀውን የሰፈር ጎረምሶች ቃል አሉ። “ያላ!” አሉት ያሪቭን። “ክፈተው እንግዲህ።”

ያሪቭ ከቦርሳው ከሥር፣ ሰባት ዓርብ ሙሉ ያላየነውን የእጅ መሰርሰሪያ አወጣ። መቆለፊያው መሐል ላይ ደቀነው። የብረት ብናኝ እንደ ቆሎ ተረጨ። አያቴ ጆሮአቸውን ዘንበል አድርገው “ይኸው አሁን በላ” አሉ። እናቴ አንድ ድንች ልጣ ሳትጨርስ ትንሿ በር ተከፈተች።

ሁላችንም ጭንቅላታችንን አስገባን፤ ተጋጨን። ከበሩ ውስጥ፣ ከአንዲት ማንጠልጠያ ላይ፣ ሁለት ቁልፎች ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ።

“ቁልፉ ውስጥ ነበር!” ብሎ አባቴ ራሱን መታ።

“አዎ! እሱ ነው! እሱ ነው የጠፋው!” አለች ማዕያን። በጣም ቶሎ ነው ያለችው። ያሪቭ አፉን ከፈተ። ያ የራስጌው ቁልፍ ነው፤ በማንኛውም ፍሊፐር ውስጥ እዚያው ነው የሚሰቀለው። ማዕያንን አያትና አፉን መልሶ ዘጋ።

እጀታው ተሳበ፣ ዘንጉ ለቀቀ፣ መስታወቱ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ሁሉም ቦታው ተመለሰና ሶኬቱ ተሰካ። ቤታችን ቀይና ሰማያዊ ሆነ። አንድ ዓይናው አውሬ ስምንት እጁን አበራ። አያቴን አቁመን አጫወትናቸው፤ ኳሷን አላዩአትም፣ በድምጿ ነበር የሚመቷት፤ ከአባቴ የበለጠ አስቆጠሩ። ማዕያንና ያሪቭ አንድ አንድ መቅዘፊያ ይዘው አብረው ተጫወቱና ወዲያው ተሸነፉ፤ ሁለቱም ኳሷን አያዩም ነበር። እናቴ “ሰንበት!” ብላ ጨርቁን ይዛ እስክትመጣ ድረስ ከሕንፃው ልጅ ያልቀረ አልነበረም። እኔ በየመሐሉ “ደርሶ! ደርሶ!” እያልኩ እጮኻለሁ።

በዓመቱ ተጋቡ። ፍሊፐሩ በሌሎች አራት ጎረምሶች ትከሻ ገዴራ ቤታቸው ገባ።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ያሪቭ መጋዘኑ ወስዶኝ ቁልፉ የጠፋ ፍሊፐር ፊቴ ከፈተ። አራት ደቂቃ። ሰዓቴን አየሁ፤ እሱን አየሁት። ጆሮው ቀላ። “የናንተውም ያው ነበር” አለ። “በመጀመሪያው ቀን፣ ጭማቂው ሳይመጣ። ለማዕያን እንዳትነግራት! ሰባት ሳምንት የታገልኩላት ይመስላታል።”

ባለፈው ዓመት ደግሞ ማዕያን የድሮ የሠራዊት ሻንጣዋን ስትበረብር አንድ አረንጓዴ ካልሲ ብረት አወራ። ሁለት ቁልፎች ወጡ፣ ከያቭኔው ኪዮስክ መለያ ጋር። ሶፋው ሥር ገብታ ያን ሁሉ አቧራ የለበሰችው ኪሷ ውስጥ ይዛቸው ነው። “ለያሪቭ እንዳትነግረው” አለችኝ ሳቋ እያፈናት። “ቁልፉ መጥፋቱ ዕድሌ ነው እያለ ነው አሥራ ስድስት ዓመት የሚያወራው።”

አያቴ ከማረፋቸው በፊት “አንዱ ብረት ይልሳል፣ አንዷ ብረት ትደብቃለች፤ ምን የመሰለ ጋብቻ ነው!” ብለውኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም።

እንግዲህ ለሁለቱም ምያለሁ። መሐላዬንም አላፈረስኩም፤ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። የጻፍኩት ነው። ያውም በአማርኛ፣ አያቴ በጥጋቸው ወንበር ሆነው ባስተማሩኝ ፊደል፤ እዚህ ያደጉት ያሪቭና ማዕያን አማርኛ ሲናገሩ እንጂ ሲያነቡ ማንም አይቷቸው አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ያሰጋኛል። ልጃቸው ኖያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባለፈው ወር መጥታ “ፊደል አስተምረኝ” አለችኝ። እንቢ ማለት አልቻልኩም። በየዓርቡ ቀትር ላይ ገዴራ እሄዳለሁ፣ ፍሊፐሩ ላይ ደብተር እንዘረጋለን፣ ጭማቂ ይመጣልናል። ልጅቷ ፈጣን ናት፤ ገበታውን በአንድ ሳምንት ትጨርሰው ነበር።

አስተማሪዋ ግን ጥንቁቅ ነው። በየዓርቡ አንድ ፊደል ብቻ ነው የማስተምረው።